ወረቀት የሌለው መጽሐፍ ስንት ያወጣል?

በድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ ሥር ስለ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ዋጋ ባነሳን ቁጥር አንባቢ ወዳጆቼ የሚያነሡት ሙግት አንድ ነው፤ «ወረቀት የለው፣ ቀለም የለው፣ መኪና አይጭነው፤ ታዲያ ስለምን ይህን ያህል ይጠየቅበታል?» ሙግቱ ግማሽ እውነት አለው፤ ለድሬዳዋ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይታየዋል። ከጅቡቲ ወደብ የሚነሣው ወረቀት የምሥራቁን ምድር አቋርጦ አዲስ አበባ ይገባል፤ ታትሞና ተጠርዞ ወደ እኛ ሲመለስ የሁለት ጉዞ ኪራይ ተሸክሟል። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህማ የወረቀቱ ነገር አይነሣ።

ሌላውን ግማሽ በስሌት እንየው። ለምሳሌ ያህል 400 ብር ከሚሸጥ መጽሐፍ 140 ብሩ ለአከፋፋይና ለሻጭ፣ 160 ብሩ ለኅትመትና ለማጓጓዣ ይሂድ እንበል፤ ለደራሲው፣ ለአርታኢውና ለሽፋን ሠሪው 100 ብር ይተርፋል። መጽሐፉን በስልክ የሚሸጠው መተግበሪያ 50 ብር ከወሰደ፣ ያው መጽሐፍ በስልክ 150 ብር ቢሸጥ ለእነርሱ የሚደርሰው ገንዘብ አይጎድልም። ከዚያ በታች ሲወርድ ግን የሚቀነሰው የወረቀት ዋጋ ሳይሆን የሰው ድካም ነው።

ባሕር ማዶም ጠቡ በወረቀት አልነበረም። አማዞን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ኪንድል የተባለውን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ሲያወጣ ተፈላጊ መጻሕፍትን፣ አንዳንዴም በኪሳራ፣ በ9.99 ዶላር ይሸጥ ነበር። በ2010 አምስት ትልልቅ አሳታሚዎች ከአፕል ጋር ተስማምተው ዋጋውን ራሳቸው መተመን ሲጀምሩ ብዙዎቹ አዳዲስ መጻሕፍት ወደ 12.99 እና 14.99 ዶላር ወጡ፤ የአሜሪካ ፍርድ ቤትም በ2013 አፕልን በዋጋ ሽርክና ጥፋተኛ አለው። ክርክሩ ዋጋውን ማን ይተምን የሚል ነበር።

ወዳጆቼ የማያነሡት፣ እኔ ግን ከሁሉ የማስበልጠው ነገር አለ። የ400 ብሩን መጽሐፍ አንብቤ በ200 ብር ብሸጠው የከፈልሁት 200 ብር ብቻ ነው፤ ለጎረቤት ባውሰው ደግሞ በአንድ ዋጋ ሁለት ቤት ያነብበዋል። በስልኬ ያለው የ150 ብር መጽሐፍ አይሸጥም፣ አይዋስም፤ ስልኩ ሲሰረቅ የይለፍ ቃሉን ካላስታወስሁ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አሳታሚው 300 ብር ቢጠይቀኝ እምቢ እላለሁ፤ 150 ብር ሲጠየቁ በቴሌግራም የተለቀቀ ቅጂ ፍለጋ የሚሄዱትን ወዳጆቼን ግን አልከተላቸውም።