ቫዝሊን ብቻ ነው

የወሎ ልጅ መሆን የራሱ ዕዳ አለው። ሀገር በሙሉ ለቁንጅናችን ሲዘፍን ነው የኖረው፣ ከአራቱ ቅኝት ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የኛው ሰፈር ስም ነው፣ አዲስ አበባ ሄደሽ ከየት ነሽ ሲሉሽ "ከደሴ" ካልሽ "አሃ፣ እሱማ ያስታውቃል!" ይሉሻል፣ ምኑ እንደሚያስታውቅ አይነግሩሽም፣ አንቺም ደስ ስላለሽ አታጣሪም። ጣጣው የሚመጣው ሲቆይ ነው። ሳይቀባ ያምራል ተብሎ የተዘፈነለት ሕዝብ በምን አፉ ነው ሊፕስቲክ የሚገዛው? ስለዚህ እኛ ጋ ሁሉም ይቀባል፣ የተቀባ ሰው ግን የለም።

ካላመናችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ደሴ ፒያሳ ውጡና ከንፈሯ ከሩቅ የሚያበራ አንዷን አስቁማችሁ ምን ተቀብተሽ ነው በሏት። "ኧረ ወላሂ ቫዝሊን ብቻ ነው!" ክርስቲያኗም ወላሂ ብላ ነው የምትምለው፣ ወሎ ነዋ፣ መሃላችን የጋራ ነው። ቫዝሊን እንግዲህ እኔ እስከማውቀው ነጣ ያለ ነገር ነው፣ ቢበዛ ወደ ቢጫ ቢያደላ ነው። ደሴ ላይ ግን ቀይ ቫዝሊን አለ፣ ሮዝ ቫዝሊን አለ፣ ቡኒ ቫዝሊን አለ፣ ሰሞኑን ደግሞ ዳር ዳሩ በእርሳስ የተሰመረ ቫዝሊን ገብቷል።

ሱቁ ጋ ያለው ደግሞ ሌላ ትያትር ነው። ማንም "ለኔ" ብሎ አይገዛም። ለሙሽራ ነው፣ ለእህቴ ልጅ ነው፣ አረብ ሀገር ያለች ጓደኛዬ አደራ ብላኝ ነው (ከአረብ ሀገር ወደ ደሴ ይመጣል እንጂ ከደሴ ወደ አረብ ሀገር ሊፕስቲክ እንደማይሄድ ባለሱቁም ያውቃል፣ ግን ነጋዴ ነው ዝም ይላል)። ለእህቷ ልጅ የተባለው ቀለም የሚሞከረው ግን በራሷ እጅ ጀርባ ላይ ነው፣ ከአውራ ጣት ሥር ተነስቶ እስከ አንጓ ይሰመር ይሰመርና እጇ የሕፃን ደብተር ይመስላል። የእጅ ጀርባ ከከንፈር ጋር ምን አገናኘው? ከንፈር ስስ ነው፣ የራሱ ቀለም አለው፣ እጅ ላይ ሮዝ የነበረው ከንፈር ላይ ሲደርስ ወይ ይጠቁራል ወይ ይነጣል፣ ከሆነ አይቀር የጣት ጫፍ ላይ ቢሞከር የተሻለ ይቀርባል። ግን ጣት ጫፍ ላይ የተሞከረ ለሰው አይታይም፣ እኛ ደግሞ ሰው ካላየልን መምረጥ አንችልም።

አንዳንዷ ጭራሽ ቴስተሩን፣ ለሁሉም መሞከሪያ የተቀመጠውን፣ ከንፈሯ ላይ ታሳርፈዋለች። ስለሱ ብዙ አልናገርም፣ ያንን ቀለም የደሴ ግማሽ ስሞታል። የማስካራው ይብሳል። ማስካራ አንዴ ከተከፈተ ዕድሜው ሦስት ወር ገደማ ነው፣ ከዚያ በኋላ ብሩሹ በገባ በወጣ ቁጥር ቱቦው ውስጥ ባክቴሪያ እያረባችሁ ነው፣ ለሌላ ሰው ዓይን ማዋስ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። የሱቁ ቴስተር ግን ሱቁ ባለቤት ሲቀይር እንኳን እሱ አልተቀየረም።

የሱቁ መብራት ሰውን ሬሳ ስለሚያስመስል መስታወቷን ይዘሽ ወደ በሩ ትወጫለሽ። በር ላይ መውጣት ማለት ጉዳዩን ለሕዝብ ማቅረብ ማለት ነው። ባጃጁ ቀስ ይልና ቆም ይላል።

"እሱ አይሄድም፣ የቅድሙ ይሻላል!"

የቅድሙን መቼ አየው በናታችሁ? "ወንድሜ፣ ለእህቴ ልጅ ነው" ትይዋለሽ።

"እሷማ ጠየም ትላለች፣ ቀዩ ነው የሚያምርባት።"

ያውቃታል። ደሴ ነዋ።

ተገዝቶም በቃ አይደለም፣ ነገሩ የሚጋለጠው ቡና ላይ ነው። ሊፕስቲክ ማለት ሰምና ዘይት ነው፣ ቀለሙን የያዙት እነሱ ናቸው፣ ስለዚህ ሲኒን በቀዝቃዛ ውሃ ጠለቅ አድርጎ ማውጣት ምንም አይለውም። አቦል ላይ አንዷ የጠጣችበት ሲኒ ለቅለቅ ተደርጎ ቶና ላይ እቴቴ እጅ ይገባል። እቴቴ ሲኒውን ወደ በሩ ብርሃን ከፍ ያደርጉታል፣ ያዞሩታል፣ እንደገና ያዞሩታል።

"ይሄ ደግሞ የማናችሁ ቫዝሊን ነው?"

ቤቱ ፀጥ። ሁሉም ፈንዲሻ ላይ ያፈጣል። በረካው ተጠጥቶ ዱዓው ሲደረግ እቴቴ "የተቀባችውንም ያልተቀባችውንም አላህ ያሳምርልን" ብለው ይጨምሩበታል፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ "አሚን!" ያለችው ናት፣ አታጣሩ።

ይሄን ለመሸሽ ብለው ማት የሚሉትን፣ ሲኒም ጉንጭም የማይነካውን የገዙ አሉ። እውነትም አይለቅም። ግን ከንፈር ያደርቃል፣ የጦሳ ተራራ ንፋስ ሲጨመርበት በሁለት ሰዓት ውስጥ መሰንጠቅ ይጀምራል፣ ያኔ ልጅቷ ተቻኩላ ቫዝሊን ትቀባበታለች፣ ቅባቱ ደግሞ ያንን አይለቅም የተባለውን ቀለም ይፈታውና ዙሪያዋን ያዳርሰዋል። "ምን ሆነሽ ነው?" ሲሏት "ቫዝሊን ተቀብቼ ነው" ትላለች። በሕይወቷ አንድ ቀን እውነት ተናገረች፣ ማንም አላመናትም።

ማስካራ የራሱ ፍርድ ቤት አለው፣ ለቅሶ ቤት። ድሮ ከእንባው ጋር ሲወርድ "ተኳኩላ መጣች" ተብላ ትታማ ነበር። ዋተርፕሩፉ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ስላልወረደ ትታማለች። አንዲት ጎረቤታችን ከልቧ አልቅሳ፣ ደረቷን ደቅታ፣ ድምጿ ተዘግቶ፣ ሽፋሽፍቷ ግን ቀጥ እንዳለ ወደ ሰማይ እያየ ስለነበር "የዚች ልጅ እንባ የት ነው የገባው?" ሲባል ከርሟል። የሟች ዘመድ ሳትቀር ተቀይማታለች። እንግዲህ ምን ታድርግ፣ ዋተርፕሩፍን ውሃ አይደፍረውም፣ የሚያስለቅቀው ቅባት ነው።

ይሄ መረጃ ደግሞ ለኛ ከማንም በላይ ያስፈልገናል፣ ምክንያቱም አናታችን ላይ ቅቤ አለ። ቅዳሜ ማታ ቅቤ ተቀብታ፣ እሁድ ጠዋት ዋተርፕሩፏን ደርባ፣ ኮምቦልቻ ሰርግ የወረደች ልጅ አይቻለሁ። ደሴ ላይ ቅቤው ብርድ ስለያዘው ጨዋ ነበር። ኮምቦልቻ ፀሐይ ሲያገኘው ከግንባሯ ተነሳ፣ ቅንድቧን አለፈ፣ ሽፋሽፍቷ ላይ ሲደርስ ያ ለቅሶ ቤት ያልበገረው ማስካራ በሁለት ጉንጯ ጥቁር ሆኖ ወረደ። ሙሽሪት እየሳቀች እሷ እንዲህ ሆና ቁጭ ስትል ሁለት አዛውንት ተያዩና አንደኛው ቀስ ብለው "ምስኪን፣ ሙሽራውን እሷም ትፈልገው ነበር ማለት ነው" አሉ። ወሬው ከኛ ቀድሞ ደሴ ገባ።

አያቴ ይሄን ሁሉ ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። "እኛ በጊዜያችን ፊታችንን በውሃ ታጥበን ነው የወጣነው" ይላሉ። ይሄን የሚሉት ዓይናቸው ኩል ተኩሎ፣ ድዳቸው ተነቅሶ፣ እግራቸው በእንሶስላ ቀልቶ፣ አናታቸው ላይ አደስ የገባበት ቅቤ ጣል ተደርጎ፣ ነጠላቸው ከሩቅ ጢስ ጢስ እየሸተተ ነው።

"ኩሉስ?" እላቸዋለሁ።

"ለዓይን መድኃኒት ነው።"

"ንቅሳቱስ?"

"ለድድ።"

"እንሶስላውስ?"

"ለእግር ብርድ።"

"ጢሱስ?"

"ለወገብ። ምን ያደርቅሻል አንቺ ልጅ?"

ሙሉ ሜካፕ፣ በሐኪም ትእዛዝ። (እውነተኞቹ ሐኪሞች ኩሉን እንኳ አይመክሩትም፣ ብዙው ኩል ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ስለሚገኝ፣ ግን አያቴን ቁጭ አድርጎ ይሄን የሚነግር ጀግና እስካሁን አልተወለደም።) ሉባንጃቸውን ከባቲ የሰኞ ገበያ ነው የሚያስመጡት፣ የደሴውን "ተደባልቋል" ብለው አይነኩትም፣ ከሰሉ ላይ ጣል አድርገው ዓይናቸውን ጨፈን ሲያደርጉ ያያቸው ሰው ስለወገባቸው የሚያስቡ አይመስለውም።

ወንዶቹን እንዳልረሳ። ሊፕስቲክ ሲያዩ ጥቅስ የሚጠቅሱት እነሱ፣ በአጠገባችሁ ሲያልፉ ሽቷቸው ቀድሞ ሰላም ይላችኋል። ተጠየቁ፣ "ፀጉር ቤት ነው የረጩብኝ።" ሰኞም ፀጉር ቤት ነው የረጩበት፣ ሐሙስም ፀጉር ቤት ነው የረጩበት፣ ፀጉሩ ግን ያው ነው።

አንድ ዘመድ አለን፣ የኬሚስትሪ አስተማሪ፣ ለምንም ነገር ማብራሪያ የማያጣ ሰው። የአክስቴ ልጅ ሽፋሽፍቷን አጥቁራ መጥታ እንደለመደችው "ቫዝሊን ብቻ ነው" ስትል "ልክ ነሽ" አላት። ሁላችንም ዞርን። በፈረንጅ 1915 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ ቶም ላይል ዊልያምስ የሚባል ወጣት፣ እህቱ ሜብል ቫዝሊንን ከጥቁር ዱቄት ጋር ለውሳ ሽፋሽፍቷ ላይ ስትቀባ አይቶ፣ ያንን አሽጎ መሸጥ ጀመረና ሜይቤሊን የሚባለው ካምፓኒ ከዚያ ወጣ ይባላል አለን። የአክስቴ ልጅ እንዲህ ደስ ብሏት አላየኋትም፣ መቶ ዓመት ያለፈው ማስረጃ ተገኘላት። እሱ ግን እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት፣ ቀጠለ። አንዳንዱ ሊፕስቲክ ውስጥ ያለው ቀይ ቀለም ቁልቋል ላይ ከምትኖር ነፍሳት ተፈጭቶ እንደሚሠራ ነገረን፣ ሁለት ሰው ከንፈሩን ጠረገ። ከዚያ ሽቶ ላይ መጣ። በፈረንጅ 1921 የወጣው ሻኔል ቁጥር 5 ውስጥ ዝባድ ይገባበት ነበር፣ ዝባድ ደግሞ ከጥርኝ ጅራት ሥር ካለ ዕጢ የሚፋቅ ነው፣ ለሽቶ ፋብሪካዎች በብዛት ስታቀርብ የኖረችውም የኛው ኢትዮጵያ ናት፣ በከብት ቀንድ እየተሞላ ነበር የሚላከው፣ ካምፓኒው ከ1998 ጀምሮ በሰው ሠራሽ ተክቼዋለሁ ብሏል ምናምን እያለ ሲተነትን አያቴ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

"ከጥርኝ ቂጥ?"

"ከአጠገቡ ነው።"

"እና እሱን በዶላር ነው የምትገዙት?"

መልስ የሰጠ የለም። አያቴ ሉባንጃቸው ላይ አንድ ፍሬ ጨመሩበት።

ሽቶ አገዛዛችን ራሱ ጉድ ነው እኮ። ሽቶ ሲረጭ መጀመሪያ የሚሸተው ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ የሚበን ነው፣ ዋናው ሽታ ከሱ ኋላ ነው የሚመጣው፣ መጨረሻ ላይ ቆዳ ላይ የሚቀረው ደግሞ ሌላ ነው። ስለዚህ ረጭቶ፣ ወጥቶ፣ አንድ ዙር ዞሮ መመለስ ነው የሚሻለው። ባለሱቁ ግን ከወጣሽ እንደማትመለሺ ስለሚያውቅ "ይቺ ብቻ ናት የቀረችው" ይልሻል፣ አንድ ደርዘን ከኋላው ተደርድሮ። አንጓሽ ላይ፣ ክንድሽ ላይ፣ ሻርፕሽ ላይ፣ ቦታ ሲጠፋ የጓደኛሽ እጅ ላይ ይረጫል፣ ከሦስት አራት በኋላ አፍንጫ ሥራ ያቆማል። ውጭ ሀገር አፍንጫ እንዲያርፍ ብለው የቡና ፍሬ ያሸትታሉ አሉ። ወሎ ላይ ቡና ለአፍንጫ ብቻ አውጥቶ የሚያስቀምጥ ሱቅ ካለ አሳዩኝ፣ ባለቤቱን ቤተሰቦቹ ይመክሩታል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የደሴ ብርድ ነው። ሽቶ ሙቀት ሲያገኝ ነው የሚነሳው፣ ሲበርደው ቆዳ ላይ ይተኛል፣ እኛ ደግሞ የተኛውን አልሸተተም ብለን እንደግመዋለን። "ኧረ ምንም አይሸትም፣ ጨምርበት።"

ባለፈው እሁድ ለሰርግ የሚወርድ ሰው የሞላበት ሚኒባስ ተሳፍረን ከደሴ ተነሳን። ጠዋት ነው፣ ጉሙ አልገለጠም፣ ሁሉም ቤቱ ደግሞ ደጋግሞ ረጭቶ የወጣ ነው፣ ማንም ምንም አይሸተውም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፣ መሃላቸው ሀረጎ የሚባለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት አለ። ሀረጎን መጠምዘዝ ስንጀምር መኪናው ሞቅ አለ፣ ሞቅ ሲል ደግሞ ያ ሁሉ ተኝቶ የነበረ ሽቶ አንድ ላይ ነቃ። ከፊት የሚጣፍጥ ነገር መጣ፣ ከቀኝ አበባ አበባ የሚል መጣ፣ ከየት እንደሆነ እንጃ ሉባንጃም መጣ፣ ሕፃኑ አስነጠሰው፣ ሹፌሩ ዓይኑን እያሸ ነው የሚነዳው። ጋቢ የተከናነቡ አንድ አባት፣ በጤናቸው ቢሆን መስኮት የነካን ሰው የሚራገሙ፣ "ልጄ፣ ክፈተው እስቲ" አሉ። ረዳቱ አላመነም። "መስኮቱን ነው አባቴ?" "አዎ መስኮቱን! በሩንም ከቻልክ።" ተከፈተ፣ ንፋስ ይመታናል ያለ አንድም ሰው አልተገኘ።

ረዳቱ ግማሽ አካሉን ውጭ አውጥቶ አየር ሳበና ወደኛ ዞሮ "ማነው እንዲህ የተቀባው?" አለ።

አንዷ የሳሙና ነው አለች። አንዷ ልብሴ ቁም ሳጥን ውስጥ ስለከረመ ነው አለች። የኔዋ ጓደኛ መስኮት መስኮት ታያለች። ከኋላ ወንበር አንድ ሰውዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "እኔን እንኳ ፀጉር ቤት ነው የረጩብኝ" አሉ፣ ላብ ስላሰመጣቸው ኮፍያቸውን እያወለቁ።

ሁላችንም ዞረን አየናቸው። መላጣ ናቸው።