መድረኩ ይሰማናል

ወገኖቼ፣ የቴአትር ተመልካቾች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ተማሪ ነኝ። ሦስተኛ ዓመት፣ ያውም አካውንቲንግ። «አንተ ደግሞ ማነህና ነው የምትቆጣን?» የምትሉ አትጠፉም። እውነታችሁን ነው። ግን ከምሳዬ ቀንሼ ትኬት እቆርጣለሁ፣ በወር ሁለቴም ሦስቴም ቴአትር አያለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ብናገር ምን አለበት?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የትኛው አዳራሽ እንደሆነ አልነግራችሁም፣ የሁሉም ጣጣ ነውና። መድረኩ ላይ አንዲት እናት ቆማለች። ልጇ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ሰው መጥቶ ደብዳቤ ይሰጣታል። ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን ገለባበጠችው። ከዚያ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው። ልጇ ልጇ ይሸት እንደሆነ ልታውቅ ነው መሰለኝ። አንድም ቃል አልተናገረችም። እኔ ወንበሬ ላይ ትንፋሼን ይዣለሁ።

ስልክ ጮኸ። የሰርግ ዘፈን ነው መጥሪያው።

ጋሼ፣ እርስዎን ነው። ከፊቴ ነበር የተቀመጡት። ስልኩ ጮኸ አልልዎትም፣ የኔም ሊጮህ ይችላል፣ ሰው ይረሳል። እርስዎ ግን አነሱት። «ሄሎ! ቴአትር ቤት ነኝ። ቴ-አ-ት-ር! አይ፣ ሽንኩርቱን ከታች ሱቅ ውሰጂ፣ በዱቤ ይሰጥሻል።» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እናትየው ወረቀቱን አፍንጫዋ ላይ እንደያዘች አልተንቀሳቀሰችም። ጠበቀችዎት። ስለ ሽንኩርቱ ተነጋግረው እስኪጨርሱ፣ እኛም ስቀን እስኪወጣልን ጠበቀች። ዝም ስንል ደብዳቤውን ለጎረቤት ልጅ ሰጥታ ንግግሯን ቀጠለች። ግን ያቺ እናት ሄዳ ነበር። የቀረችው ለደመወዟ የምትሠራ ተዋናይት ናት። ጋሼ፣ የሽንኩርቱ ነገር ግን እንዴት ሆነ?

እኛ ቴአትር ቤት የምንቀመጠው ቴሌቪዥን ፊት እንደምንቀመጠው ነው። እናወራለን፣ እንበላለን፣ እንነሳለን፣ እንመለሳለን። ቴሌቪዥኑ ምን ይለናል? ምንም። መድረኩ ግን ይሰማናል።

ይህን ያወቅኩት በአጋጣሚ ነው። አንደኛ ዓመት እያለሁ የግቢው የኪነ ጥበብ ክበብ ወታደር አጠረውና እኔን ያዘኝ። የሚነገር ነገር አልነበረኝም። የእንጨት ጠመንጃ ይዤ በር ላይ አርባ ደቂቃ መቆም ብቻ። ከመድረክ ላይ ፊታችሁ አይታይም። መብራቱ ዓይን ያጠፋል፣ ከፊት ያለው ጥቁር ጉድጓድ ነው። ጆሮ ግን ይከፈታል። የወንበር ሲጢጥታ፣ የፌስታል ኮሽታ፣ አንዱ ሲያስል ሌላው ተከትሎት ሲያስል፣ ሁሉም ይሰማል። ሱፍ የምትፈነክተውን ልጅ ከየትኛው ረድፍ እንደሆነች ልጠቁማት እችል ነበር።

የገረመኝ ግን ዝምታው ነው። ሰው ሰልችቶት ዝም ሲልና ልቡ ተይዞ ዝም ሲል ድምፁ ይለያያል። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። የሰለቸው ሰው ዝምታ ውስጥ ልብስ ይንቀሳቀሳል፣ እግር ይቀያየራል። ልቡ የተያዘ ሰው አይንቀሳቀስም። ያን ቀን ዋናው ተዋናይ አባቱን ይቅርታ ሲጠይቅ አዳራሹ ልክ እንደዚያ ቀጥ አለ። እሱም ሰማው። ድምፁ ወረደ፣ በልምምድ ጊዜ ጨርሶ ያላየሁትን ነገር አደረገ፣ የአባቱን ጫማ ማሰሪያ አሰረለት። ማንም አላዘዘውም። የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ።

እንግዲህ የምንሰጠው ነገር እንዲህ ከሆነ፣ የምንነጥቀውንም አስቡት።

ወደ ሌላኛው ታሪክ ልግባ። ይሄኛው ያሳፍረኛል። አንድ የቤተሰብ ድራማ ነው። ባል ሰክሮ ይመጣል፣ ሚስቱን «እራት የታለ?» ይላታል፣ መልስ ስትሰጥ በጥፊ ያጮላታል። አዳራሹ ሳቀ። ፈገግታ አይደለም የምላችሁ፣ ሳቅ ነው። ከኋላ አንዱ «ብራቮ!» ብሎ አፏጨ። እኔም ስቄያለሁ። ለምን ሳቅክ ብትሉኝ መልስ የለኝም፣ ሁሉም ሲስቅ አፌ ተከፈተ። ከጎኔ አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው መድረኩን ትክ ብለው ያያሉ። አልሳቁም። አፌን ዘጋሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጓደኛዬ ጋበዘኝና ያንኑ ቴአትር ደግሜ አየሁት። ጥፊው ሁለት ሆኗል። ከሁለተኛው ጥፊ በኋላ ባልየው ወደ እኛ ዞር ብሎ ጠቀሰን። አዳራሹ ተንጫጫ። ሚስትየዋ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ የተሰበረውን ሰሃን በዝምታ ትለቅም ነበር። አሁን ቂጧን ይዛ እያነከሰች ትወጣለች። ያ የሰሃን መልቀም የለም። ማን አወጣው? ደራሲው? አዘጋጁ? እኛ ነን ያወጣነው። በመጀመሪያው ቀን ስንስቅ ተዋናዩ ሰማን። ሆዳችን የሚፈልገውን አወቀና ጨመረልን። ሰሃኗን ስትለቅም ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ወሬ ነበር፣ ያንንም ሰማ፣ ቀነሰው።

ከዚያ ወጥተን ማኪያቶ እያዘዝን ምን እንላለን? «ቴአትር ሞተ፣ ቀልድ ብቻ ሆነ፣ የድሮዎቹ የት አሉ?» እንላለን። ወገኖቼ፣ ሼም ይያዘን እንጂ! ያዘዝነው መጣልን። ኮሜዲ አልጠላም፣ ሆዴን ይዤ ስቄ የወጣሁባቸው አሉ። ግን ሳቅ በማይገባው ላይ እየሳቁ ቁም ነገር ጠፋ ብሎ ማማረር ምን ይባላል?

አንዳንዱ «ቴአትር የኛ ባህል አይደለም፣ ስለዚህ ተመልካችነቱን አናውቅበትም» ይላል። ይሄ ሰበብ ነው። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ አታውቁም? ካዛንቺስ ሳይፈርስ አንዴ አጎቴ ይዞኝ ገብቶ ነበር። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ በየጠረጴዛው ይዞራል። ሰው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል። እሱ ተቀብሎ ያዜመዋል፣ ከራሱ ይጨምርበታል፣ ሰጪውንም አብሮ ይወጋዋል። የግጥሙ ወርቅ ሲገባቸው ሰዎቹ መጀመሪያ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ አዳራሹ ይነሳል። አጎቴ ጆሮውን ወደ ማሲንቆው ጣል አድርጎ ብርሌውን እንደያዘ ሳይጠጣ ሲቆይ አይቻለሁ። ጠጥተን እንኳ እንዲህ ማዳመጥ የምንችል ሰዎች ነን። ለቅሶ ቤትስ? አልቃሿ ስትገጥም ማን ስልክ ያነሳል? በሕይወት ያለ ሰው ፊታችን ቆሞ ሲናገር እንዴት እንደምንቀበለው ጠፍቶን አይደለም። ትኬት ስንከፍል ነው የሚጠፋን። «ከፍያለሁ» የሚባል ነገር አለ። ከፍያለሁና እንደፈለግኩ። ብር የከፈልከው ለወንበሩ ነው፣ ወንድሜ። የጎረቤትህን ጆሮ አልገዛህም።

ደግሞ ይህ ነገር በቀላሉ አልመጣልንም። ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ከሩሲያ ተምረው መጥተው በ1910ዎቹ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር ሲጽፉ ገጸ ባሕርያቱ አውሬዎች ነበሩ። ይሁንና ቤተ መንግሥቱ አውሬዎቹ እነማን እንደሆኑ ወዲያው ገባው። ጽሑፉ ታገደ፣ ቴአትርም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ዝም አለ። ነገሩን ተመልከቱት። መጽሐፍ ሰው ብቻውን ያነበዋል። ቴአትርን ግን ብዙ ሰው አንድ ላይ ቁጭ ብሎ ይሰማዋል፣ ጎረቤቱ የት ጋ እንደሳቀ ያያል። የሚያስፈራው እሱ ነው። ሀገር ፍቅርም በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ለመዝናኛ አልነበረም። ጣልያን ሊወረን ሲዘጋጅ ሕዝቡን ለመቀስቀስ ነው። ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ ጣልያኖች ለሲኒማ ጀምረውት የቀረ ሕንፃ ነበር። ለንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ የዘውድ በዓል በ1948 ዓ.ም. ተጠናቆ በአማርኛ ቴአትር ተከፈተ። ዛሬ ከሺህ በላይ ወንበር ባለው አዳራሽ ውስጥ ገብተን ቆሎ የምንቆረጥመው በዚህ ሁሉ ላይ ነው።

አባቴ ስለ ደርግ ዘመን ሲያወራ አንድ ነገር ይደጋግማል። ጽሑፉ በሳንሱር ያልፋል፣ መድረኩ ላይ ግልጽ ነገር የለም። ተመልካቹ ግን የት ጋ ዝም እንደሚል ያውቅ ነበር ይላል። እንዲያጨበጭቡ ሲጠበቅ ዝም፣ ተራ በምትመስል ዓረፍተ ነገር ላይ ጭብጨባ። ሳንሱሩ ጭብጨባ መሰረዝ አይችልም። አባቴ ትንሽ ያጋንናል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም እኔ ከሱ የተሻለ ወንበር ላይ ተቀምጬ ከሱ ያነሰ እየሰማሁ ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላችሁ። አርፍዳችሁ የምትገቡ፣ እሺ ትራንስፖርት ነው። ግን የስልክ መብራታችሁን ፊታችን ላይ እያበራችሁ «14 ቁጥር የት ነው?» አትበሉ፣ ከኋላ ተቀመጡና ዕረፍት ሲሆን ተዛወሩ። ለቲክቶክ የምትቀርጹ፣ ስንት ወር የተለፋበትን መጨረሻ በአንዲት ደቂቃ በነፃ ትበትኑታላችሁ፣ የተዋናዩ እንጀራ ደግሞ በሩ ላይ የሚቆረጠው ትኬት ነው። ተዋናይ ጓደኛ ያላችሁ፣ «በነፃ አስገባኝ» አትበሉት። ጓደኛችሁ ዳቦ ቤት ቢኖረው በየቀኑ ዳቦ ስጠኝ ትሉታላችሁ? አዲስ ቴአትር በሚመረቅበት ቀን ከፊት ረድፍ ተቀምጣችሁ፣ ንግግራችሁን አድርጋችሁ፣ ቴአትሩ ሲጀመር ከነአጃቢዎቻችሁ ወጥታችሁ የምትሄዱ ክቡራንም አላችሁ። እናንተን ልጅ ነኝና ዝም ልበል።

መጨረሻው ላይ ግን ዝም አልልም። ተዋንያኑ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሊሰናበቱን ሲወጡ ግማሹ ጀርባውን ሰጥቷቸው በሩ ላይ ይጋፋል። ታክሲ ሰልፍ አለ፣ አውቃለሁ፣ እኔም እዚያው ሰልፍ ላይ ነው የምቆመው። ሁለት ደቂቃ ነው ወገኖቼ! ቤታችሁ የመጣ እንግዳ ቻው ሲላችሁ ጀርባችሁን ትሰጡታላችሁ? እነሱ ያን ጊዜ የአዳራሹ መብራት ስለሚበራ ፊታችንን ያያሉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳያዩን ቆይተው ሲያዩን ግን የሚያዩት ጀርባ ነው።

ስቆጣ ቆየሁ። አንድ ደህና ቀን ልንገራችሁና ላብቃ፣ ሁሌም እንዲህ ነን እንዳልል።

አምና ክረምት ላይ ነው። ሁለት ሰዎች ብቻ ያሉበት ቴአትር፣ አባትና ልጅ። መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ድቅድቅ። አዳራሹ «ኡኡ» አለ፣ አንዳንዱ ሊነሳ ወንበሩ ተንጓጓ። ከጨለማው ውስጥ የአባትየው ድምፅ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለ። ስለ አንድ የሞተ በሬ ነበር የሚያወራው። ወዲያው ከኔ ሁለት ረድፍ ፊት አንድ ልጅ የስልኩን መብራት ወደ መድረኩ አበራ፣ መርዳቱ ነው። አንዲት ሴትዮ ቀስ ብለው «የኔ ልጅ፣ አጥፋውና እንስማ» አሉት። አጠፋው። ሌላ ማንም አላበራም። ምናልባት ስድስት ሰባት ደቂቃ ይሆናል፣ በጨለማ ስለ በሬ ሰማን። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይሰማል። የአባትየው ሸበጥ ወለሉን ሲጎትት ይሰማል። በሬው የወደቀበት ጋ ሲደርስ ከኔ ጎን ያለው ሰው ሲውጥ ጉሮሮው ተሰማኝ።

ጄኔሬተሩ ተነስቶ መብራት ሲመጣ ሁላችንም የመድረኩን መሃል እያየን ነበር። እዚያ ማንም የለም። አባትየው ከመድረኩ ጫፍ ወርዶ፣ ከፊት ረድፍ ባዶ ወንበር ላይ፣ ከእኛ እንዳንዱ ተቀምጦ ነበር።