የቺንጋው ጩኸትና የሰፈራችን ሊቃውንት

ጅማ ውስጥ አሮጌ ፒክአፕ ያለው ሰው፣ በተለይ ክረምት ላይ፣ ማለዳ ከቤቱ ተደብቆ ሊወጣ አይችልም። የእኔዋ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድባት አድራ ሞተሯ በተነሣ ቁጥር «ሲጢጢጥ» እያለች የምታሰማው ጩኸት ጅረን ኮረብታ ላይ ካለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚደርስ እየመሰለኝ፣ በመስኮት ብቅ ለሚሉት ጎረቤቶቼ እጄን እያነሣሁ ይቅርታ ስጠይቅ ከረምሁ። ጥቂት ደቂቃ ከሄደች በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም ትላለች፤ የፊት መብራት ሳበራ ግን ታስታውሳለች።

በእኛ ሰፈር ፍርድ ለመስጠት ኮፈን መክፈት አያስፈልግም። ባለሱቁ ነዳጁ ተበርዟል አለ፤ ቡና የሚያፈሉልን እትዬ ቅዳሜ ዕለት ደጅ ላይ አጥቤ ስላሳመርኋት ዓይን በልቷት እንደሆነ ነገሩኝ። አንድ ወጣት ቺንጋውን፣ ማለትም ሞተሩ ሌሎቹን ዕቃዎች የሚያዞርበትን የጎማ ቀበቶ፣ ደረቅ ሳሙና እንድቀባው መከረኝ፤ ሳሙናው እስከ አጂፕ ሰፈር በጸጥታ ካደረሰኝ በኋላ ጩኸቱ ታጥቦና ጠርቶ ተመለሰ።

ከሁሉም የሚከበሩት ግን ጡረታ የወጡት ሾፌር ናቸው። «ልጄ፣ ይህ የዲናሞ ኩሽኔታ ነው፤ ለጊዜው ግን እኔ አስታግሥልሃለሁ» አሉና (ዲናሞ ባትሪውን የሚሞላው ዕቃ ነው፤ ኩሽኔታ ደግሞ ዘንጉን ደግፎ በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ቀለበት) ከቤታቸው ቁልፍ አምጥተው የዲናሞውን ቡሎን እያላሉ፣ ዲናሞውን በብረት እየገፉ፣ ቺንጋውን እንደ ክራር ክር ወጠሩት። በአውራ ጣታቸው ሲመቱት በእርግጥም ድምፅ ሰጠ። ጩኸቱም በዚያው ጠፋ፤ እኔም የቡናውን ሒሳብ ለሁለት ሳምንት ከፈልሁ። በሦስተኛው ሳምንት መኪናዬ መጮኋን ትታ ማጉረምረም ጀመረች።

ጋራዡ ውስጥ ያገኘሁት መካኒክ ሳያይ ምንም አለመናገሩ መጀመሪያ ላይ ሙያውን እንድጠራጠር አድርጎኝ ነበር። ሞተሩን አጥፍቶ ቺንጋውን አወጣና ቺንጋው የሚጠመጠምባቸውን መዘውሮች፣ ፑሌጃዎቹን፣ አንድ በአንድ በእጁ አሽከረከራቸው፤ የውሃ ፓምፑ ያለ ኮሽታ ዞረ፣ የዲናሞው ግን አሸዋ እንደሚፈጭ ወፍጮ ተንኳኳ። ቺንጋው በውስጥ ፊቱ እንደ መስታወት ያብረቀርቅ ነበር፤ በስንጥቁ ውስጥም የሳሙናዬ ቅሪት ነጭ ሆኖ ይታያል። (ጣሊያን ከጅማ የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነው፤ ቺንጋውና ኩሽኔታው ግን እስከ ዛሬ በቋንቋው ይታመማሉ።)

«ጋሼ፣ ገና ሲጮህ ቢመጡ ኖሮ አንድ ሲኒ ውሃ ይበቃን ነበር» አለኝ። እንዳስረዳኝ ከሆነ፣ ማለዳ ሞተር ሲነሣ ዲናሞው ባትሪው የከፈለውን ኃይል ለመተካት ስለሚከብድ፣ የላላና ያረጀ ቺንጋ ሸክሙን መሳብ አቅቶት ፑሌጃው ላይ ይንሸራተታል፤ የሚጮኸውም ለዚህ ነው። እጅን ከሚዞረው ነገር አርቆ በቺንጋው የውስጥ ፊት ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ ሲደረግ፣ ድምፁ ለአፍታ ጠፍቶ ከተመለሰ ፑሌጃዎቹ መሥመር ስተዋል፤ ከባሰበት ግን ቺንጋው ላልቷል ማለት ነው። በእኔዋ ዓይነት መኪና ላይ ቺንጋው በአውራ ጣት ሲጫኑት 1 ሳንቲ ሜትር ያህል መርገብ ሲገባው፣ የእኔው ከመጠን በላይ ተወጥሮ የዲናሞውን ዘንግ ወደ ጎን ሲጎትት በመክረሙ ደህና የነበረውን ኩሽኔታ ገድሎታል። የአንድ ቺንጋ ዋጋ በዚህ መንገድ የቺንጋ፣ የኩሽኔታና የእጅ ዋጋ ሆነ።

የሞተውን ኩሽኔታ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ሽማግሌውን በአክብሮት ለመውቀስ ቃላት እየመረጥሁ፣ ወደ ቡናው ሄድሁ። እሳቸው ግን ገና አፌን ሳልከፍት ተቀበሉኝና በጣታቸው ወደ ጆሯቸው አስጠግተው አዞሩት፤ ከዚያም ሁሉም እንዲያየው ከፍ አድርገው፣ «ይኸው! ኩሽኔታ ነው አላልሁም?» አሉ። እትዬም ራሳቸውን በአድናቆት እየነቀነቁ አቦሉን ለእሳቸው ቀዱላቸው።