እዚችው ናት

ስሜን ተራሮች ላይ ርቀት በኪሎ ሜትር አይለካም። በሰዓትም አይለካም። መለኪያው አንድ ብቻ ነው፤ «እዚችው ናት»።

ይህን ያወቅሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ያኔ የማውቀው የአዲስ አበባ ወጣት ሁሉ ሃይኪንግ ጀምሮ ነበር። እሑድ እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መስቀል አደባባይ ተሰባስበን፣ ወንጪ ወይ የረር ወይ ዝቋላ ወጥተን፣ ፎቶ ተነስተን እንመለሳለን። ሁለት ጊዜ ዝቋላ የወጣ ሰው ተራራ የሚባል ነገር አይፈራም። እኔም አልፈራሁም። ከጓደኞቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን የስሜን ተራሮች ፓርክ መግቢያ ደባርቅ ገባን።

ዝግጅታችንን ብታዩ ኤቨረስት የምንሄድ ነው የምንመስለው። የመርካቶ ሰልባጅ ጃኬት፣ ውሃ የማያስገባ ሱሪ፣ የሚታጠፍ ዱላ። ፓርኩ ውስጥ ጠመንጃ የያዘ ስካውት አብሮህ ይሄዳል። ለእኛ የደረሱን አባት ፀጉራቸው የሸበተ፣ ጋቢ የደረቡ፣ የፕላስቲክ ጫማ ያደረጉ ናቸው። ትከሻቸው ላይ ጠመንጃ፣ እጃቸው ላይ የበሶ ከረጢት። በቃ። ዱላዬን ተቀብለው ዘረጉት፣ አጠፉት፣ ደግመው ዘረጉት።

«ስንት ገዛኸው ልጄ?»

ነገርኳቸው። ምንም አላሉም። ዝም ብለው በዙሪያችን ያለውን ዛፍ አዩ።

ጠዋት ከሳንቃበር ተነሳን። ሳንቃበር 3,250 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ የምናድርበት ግጭ ደግሞ 3,600 ላይ። ቀንሼ 350 ሜትር አገኘሁና «ቀላል ነው» አልኩ። መንገዱ መጀመሪያ ቁልቁል ወደ ጅንባር ወንዝ ወርዶ፣ ስትለፋበት የቆየኸውን ከፍታ ሁሉ አክስሮህ፣ ከዜሮ እንደሚያስጀምርህ ማን ይንገረኝ?

ወንዙን እንደተሻገርን ትንፋሼ አጠረ።

«አባባ፣ ስንት ቀረን?»

«እዚችው ናት።»

አንድ ሰዓት ሄድን። «አባባ?» «ከዚያች ጉብታ ማዶ።» ጉብታዋ ላይ ስንደርስ ከኋላዋ እህቷ ቆማ ትጠብቃለች። ከእህቷ ማዶ ደግሞ አክስቷ። ዘራቸው አያልቅም።

መሀል ላይ ገብስ የጫነች አህያ የሚነዱ እናት አገኘን።

«እንደምን ዋላችሁ? ምን ጠፋባችሁ?»

«ምንም አልጠፋብንም እማማ።»

«ለቅሶ ነው?»

«አይደለም።»

«የዳኝነት ጉዳይ ነው?»

«የለም፣ እንዲሁ ለመሄድ ያህል ነው። ደርሰን እንመለሳለን።»

እናትየው ቆሙ። አህያዋም ቆመች። ወደ ስካውቱ ጠጋ ብለው በለሆሳስ «ከፍለው ነው?» አሏቸው። «ከፍለው» አሉ ስካውቱ፣ የቤተ ዘመድ ገመና እንደሚናገር ሰው አንገታቸውን ደፍተው።

«እግዜር ይማራችሁ» ብለውን ሄዱ።

ጭላዳዎቹም ቢሆኑ አልተረዱንም። ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የማይገኝ፣ ሣር የሚግጥ ዝንጀሮ ነው። ቁጭ ብሎ ይግጣል። ፊቱ ያለው ሣር ሲያልቅ እንኳ አይነሳም፤ በመቀመጫው ተንፏቆ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። በዚያ ተራራ ላይ እንደሱ የቀናሁበት ፍጡር የለም።

ስለ ተራራ ከተነሳ፣ ራስ ደጀን 4,620 ሜትር ነው ብለን ነበር ትምህርት ቤት የሸመደድነው። አሁን 4,533 ነው ይላሉ። (ስሙንም ገሚሱ ዳሸን፣ ገሚሱ ደጀን እያለ አልተስማማም።) ሰማንያ ሰባቱ ሜትር የት እንደገባ ስካውቱን ጠየቅኋቸው።

«እኔ ስወጣው ሙሉ ነበር» አሉኝ።

ግጭ ስንደርስ ሰዓቴን አየሁ። «እዚችው ናት» ሦስት ሰዓት ከሩብ ነች።

ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብለን «አባባ፣ ለምን ዋሹን?» አልኳቸው። አልተቆጡም።

«ሦስት ሰዓት ይቀርሃል ብልህ ኖሮ ትነሳ ነበር?»

እውነታቸውን ነው። እዚያው ወንዙ ዳር ጎጆ እቀልስ ነበር።

ከዚያ በሷቸውን እየበጠበጡ ነገር አመጡ። አንድ ጊዜ ዘመድ ታሞ አዲስ አበባ መጥተው ነበር። የወንድማቸው ልጅ «መገናኛ ይጠብቁኝ፣ መጣሁ» አላቸው። ቆሙ። ሲደውሉለት «አምስት ደቂቃ» አለ። ቆይተው ደወሉ። «ደርሻለሁ፣ እየታጠፍኩ ነው» አለ። ከኋላው ሲኒ ሲንኳኳ ይሰማቸዋል። ሦስተኛ ሲደውሉ «መንገዱ ተዘጋግቶ ነው እንጂ እዚሁ ነኝ» አላቸው።

«ሁለት ሰዓት ቆምኩ» አሉ። «ስሜንን ከዳር እስከ ዳር ሄጃለሁ። እንደዚያ ቀን ግን ደክሞኝ አያውቅም። ደግነቱ ጠመንጃዬ አብራኝ አልነበረች።»

ጓደኞቼ ሳቁ። እኔ ግን ሲኒው የማን ቤት እንደሚንኳኳ ስለማውቅ እሳቱን መቆስቆስ ጀመርኩ።

በማግስቱ እሜት ጎጎ ልንወጣ ነው። 3,926 ሜትር። ቀጠሮው 12 ሰዓት ላይ ነበር። ገና ድንግዝግዝ እያለ ድንኳኔን አንድ ነገር ጎሸም አደረገው። የገዛ ዱላዬ ነው።

«ልጄ፣ ነጋ።»

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ብርድ ልብሱን አናቴ ድረስ ሳብኩና «መጣሁ አባባ፣ አምስት ደቂቃ!» አልኩ።

ዝም አሉ። ዝምታው ሲረዝምብኝ ዚፑን በትንሹ ከፈት አድርጌ አየሁ። ጠመንጃቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ጋቢያቸውን አንጥፈው፣ የበሶውን ከረጢት እየፈቱ ነበር።