ኦፓሲቲ (የፅሁፉን ድፍንነት) መቀነስ ፅሁፍን ማህተም አያስመስልም
«ፅሁፉ ላይ ግራንጅ ቴክስቸር (የተፋቀና የቆሸሸ የሚመስል ምስል) ጣል አርጉና ኦፓሲቲውን አውርዱት፣ ያረጀ የጎማ ማህተም ይመስላል» ላልከው፣ ወንድሜ ይሄ ብዙ ሰው የሚደጋግመው ስህተት ነው። ኦፓሲቲ ስትቀንስ ፊደሉ በሙሉ እኩል ነው የሚደበዝዘው፣ እውነተኛ ማህተም ግን እንደዛ አይደለም፣ እጅ አንድ ጎን ላይ ስለሚበረታ እዛ ጋ ቀለሙ ድፍን ይላል፣ ሌላው ጎን ወረቀቱን በደንብ ስላልነካ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ይቀርበታል፣ ጎማው ሲጫን ደሞ ቀለሙን ወደ ዳር ስለሚገፋው የፊደሉ ጠርዝ ከመሃሉ ይደምቃል። እስቲ ቤት ያለ የቀበሌ ወረቀት አውጣና ሀምራዊውን ማህተም ጠጋ ብለህ እየው።

ፎቶሾፕ ላይ ጥቁሩን ፅሁፍ ከነጭ ባክግራውንድ ጋር አንድ ሌየር (ንጣፍ) አርገህ ትንሽ ጋውሺያን ብለር (ምስሉን የሚያደበዝዝ ፊልተር) ስጠው፣ ከዛ በሌቭልስ (ጥቁርና ነጩን በሚያስተካክለው መሳሪያ) መልሰህ ጥርት አርገው፣ ሹል ማዕዘኖቹ ክብ ይላሉ፣ ዋናው ነገር እሱ ነው። ብለሩን ግን አታብዛው፣ በኛ ፊደል እነ መ እና ጬ ላይ ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ቴክስቸሩን በማስክ (የሌየሩን የተወሰነ ቦታ በሚደብቀው) አስገባውና አንድ ጎን ላይ አብዛው፣ በመጨረሻ የሌየሩን ብሌንድ ሞድ መልቲፕላይ (ነጩን አጥፍቶ ጥቁሩን ከስሩ ካለው ጋር የሚያዋህደው) አርገህ ወረቀቱ ላይ አስቀምጠው።