የኮከብ ልደት «ሰው ሠራሽ ምልከታ» ማጭበርበሪያ አይደለም

ሰላም የጅማ ልጆች። «ሰው ሠራሽ ምልከታ የሚባለው በኮምፒውተር ተሥሎ በቴሌስኮፕ የታየ የሚመስል የውሸት ፎቶ ነው» የሚል አስተያየት ሲደጋገም አየሁ። ቅሬታው ይገባኛል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

ሥራው የሚጀምረው ከሲሙሌሽን ነው፤ ማለትም ኮከብ የሚወለድበትን የጋዝ ደመና በኮምፒውተር ከሚያስመስል ስሌት። ሲሙሌሽኑ የጋዙን እፍጋት፣ ሙቀትና ፍጥነት ያሰላል። እንደ ራድኤምሲ-3ዲ ያለ ፕሮግራም ደግሞ ብርሃን በአቧራው ውስጥ አልፎ እንዴት እንደሚወጣ ያሰላል። ከዚያ ምስሉ ሆን ተብሎ ይበላሻል፦ ለምሳሌ የሄርሼል የጠፈር ቴሌስኮፕ በ250 ማይክሮሜትር የብርሃን ሞገድ ይለይ የነበረው እስከ 18 አርክሰከንድ ገደማ (አርክሰከንድ የዲግሪ 1/3600ኛ ነው) ስለሆነ እስከዚያ ይደበዝዛል፤ ኖይዝም (እውነተኛ መሣሪያ ላይ የሚታየው የዘፈቀደ ብጥብጥ) ይጨመርበታል። (ሊያታልል የፈለገ ሰው ሥዕሉን ያሳምራል እንጂ መቼ ያደበዝዛል?)

በሲሙሌሽኑ ውስጥ የጋዙ ክብደት አስቀድሞ ይታወቃል። ስለዚህ ከደበዘዘው ምስል መልሶ ክብደቱን በመለካት የአለካኩ ዘዴ የት እንደሚስት ይታያል። ሁለት የተጠጋጉ የጋዝ እብጠቶች እንደ አንድ ከባድ እብጠት ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ አልማ የተባለው በቺሊ ያለው የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ስብስብ ደግሞ በሰፊው የተበተነውን ብርሃን ሊያጣ ይችላል። «ውሸት ነው» ብለን ከጣልነው ይህን ስህተት የምንይዝበትን መንገድ አብረን ጣልን ማለት ነው።

ለማጣራት ከሥዕሉ ሥር ያለውን መግለጫ አንብቡ፤ ከሲሙሌሽን የመጣ መሆኑ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይጻፋል። ራድኤምሲ-3ዲ በነፃ ይገኛል፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የምትማሩ፣ የፎርትራን ኮምፓይለርና ፓይተን ከጫናችሁ ምሳሌዎቹን በላፕቶፓችሁ ሞክሯቸው።