ፋይል መላክ ማስተማር ነው?

ባለፈው እሁድ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ አንድ ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። ከተሰበሰብነው አብዛኞቹ መምህራን ስለሆኑ አቦሉ ሳያልቅ ወሬው ወደ ትምህርት ዞረ። አንድ ወጣት የሃይስኩል ፊዚክስ አስተማሪ "ነገ ትምህርት ቤት ቢዘጋ እኔ ዝግጁ ነኝ" አለ። የቴሌግራም ቻናል አለው። የዓመቱን ኖት በሙሉ ፒዲኤፍ አድርጎታል። ቪዲዮም ቀርጿል። ክርክሩ ከዚህ ተነሳ።

ጡረታ የወጡ አንድ ርዕሰ መምህር ስኒያቸውን አስቀመጡ። "አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ መጋዘን ነው። ልጁ ምን እንደገባውና ምን እንዳልገባው ካላወቅህ ምኑን አስተማርከው?" አሉት። ቀጥለው ፕላዝማን አነሱ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ እሳቸው ሥራ ላይ ነበሩ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ ቴሌቪዥኑ ይሮጣል፣ ለመምህሩ የሚተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነው። ልጁ ግራ ቢጋባ ስክሪኑ አይጠብቀውም።

"ጋሼ፣ የእኔ እንደሱ አይደለም። ተማሪዎቼ በቴሌግራም ይጠይቁኛል" አለ ወጣቱ።

ከኮምቦልቻ የመጣች የአራተኛ ክፍል መምህርት ጣልቃ ገባች። "በኮሮና ጊዜ እነማን ነበሩ የሚጠይቁህ?"

ትንሽ አሰበና "ያው ጎበዞቹ" አለ።

"ጎበዞቹማ መጽሐፉን ብቻ ብትሰጣቸውም ይማራሉ።"

ፒያሳ ሱቅ ያላት የሦስት ልጆች እናት እስካሁን ዝም ብላ ነበር። "እኔ ልንገራችሁ" አለች። "እኛ ቤት ያለው ስማርት ስልክ የባለቤቴ ነው። ጠዋት ይዞት ይወጣል፣ ማታ ይዞት ይገባል። ያኔ ሦስቱም ይሻሙበታል። አንድ ቀን አርባ ገጽ ተላከ። እኔ ራሴ አይቼው ደከመኝ፣ ልጁማ እንዴት ያነበዋል?"

መጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ መምህርቷ ምን እንዳደረገች ጠየቅናት። ለሳምንት አንድ ሐሳብ ብቻ ትመርጣለች። አንድ ገጽ ላይ አንድ የተሠራ ምሳሌ፣ ሦስት ጥያቄ፣ ደግሞ ቤት ውስጥ የሚሠራ አንድ ነገር ትጽፋለች። ክፍልፋይ ሲሆን እንዲህ ትላለች፦ እንጀራውን ለአራት እኩል ቁረስ፤ አንዱን ቁራሽ እንደገና ለሁለት ክፈለው፤ ትንሿ ቁራሽ የሙሉው እንጀራ ስንተኛ ናት? ልጁ አንድ ስምንተኛን በእጁ ይዞ ያገኘዋል። ወላጆች ወረቀቱን ከትምህርት ቤቱ በር ተራ በተራ ይወስዳሉ፣ በሳምንቱ ይመልሳሉ። እሷ ታርምና ከታች አንድ መስመር ትጽፍለታለች። ወረቀቱን ላልመለሰው ልጅ ደግሞ ትደውላለች።

ወጣቱ አልተዋጠለትም። "ስልሳ ተማሪ ላለው ክፍል ይሄ እንዴት ይሆናል? ካርዱንስ ማን ይሞላልሻል?"

"ከኪሴ ነበር" አለች። "ልክ አልነበረም፣ ግን ልጆቹን ዝም ብዬ ልተዋቸው?"

እኔም እዚህ ላይ ገባሁ። በዚያው በ2012 ቦትስዋና ውስጥ አራት ሺህ አምስት መቶ ያህል ቤተሰቦች የተሳተፉበት ጥናት ተደርጎ ነበር። ለአንዳንዶቹ የሂሳብ ጥያቄ በኤስኤምኤስ ብቻ ተላከላቸው። ለሌሎቹ በዚያ ላይ በየሳምንቱ አጭር የስልክ ጥሪ ተጨመረ። ጥሪው የተጨመረላቸው ልጆች በሂሳብ ተሻሻሉ። መልእክት ብቻ የደረሳቸው ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም። ሁሉም በተራ ስልክ ነው፣ ኢንተርኔት የለበትም።

ጋሼ ግን አሁንም አለቀቁንም። "ስልኩስ መቼ አስተማማኝ ሆነና? በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ከተማችን ጦርነት ውስጥ ስትገባ ስልክም መብራትም አልነበረንም። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የክልሉ ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆየ። ያኔ ቴሌግራምህ የት ነበር?" ወጣቱ መልስ አላገኘም። እሳቸውም ቢሆኑ "ስለዚህ ከክፍል ውጭ ትምህርት የለም" ወደሚለው ሊወስዱን ነበር፤ በዚህ አልስማማም። ትምህርት ቤት ለወራት ሊዘጋ እንደሚችል ደጋግመን አይተናል። አይቻልም ብለን ከተውነው የሚወድቀው ልጁ ነው።

እኔ ከመምህርቷ ጎን ነኝ። ወጣቱ ብዙ ደክሟል፣ ልፋቱንም አከብራለሁ። ግን ያቀደው የራሱን ሥራ እንጂ የልጁን አይደለም። የርቀት ትምህርት ሲታቀድ መጀመሪያ የሚታሰበው ምንም መሣሪያ የሌለው ልጅ መሆን አለበት። ለእሱ ወረቀት ይዘጋጅለት። ራዲዮ ያለው የራዲዮውን ትምህርት ይጨምር፣ ባለ ቁልፍ ስልክ ያለው ይደወልለት፣ ስማርት ስልክ ያለው የሦስት ደቂቃ ድምፅ ይላክለት። ረጅሙ ቪዲዮ ዳታ ይበላል፤ ለብዙ ቤተሰብ አይሆንም። የይዘቱም መጠን መቀነስ አለበት። ክፍል ውስጥ በአምስት ፔሬድ የሚሸፈነውን ቤት ውስጥ በሳምንት እጨርሳለሁ ማለት ልጁን ማስመረር ነው። መምህሩ "ከዚህ ምዕራፍ ይህችን ካልያዘ ቀጣዩ አይገባውም" የሚላትን ይምረጥ። የቀረውን ሲከፈት ይደርስበታል።

የስልሳ ልጅ ጥያቄም መልስ አለው። በየሳምንቱ ለሁሉም መደወል አያስፈልግም። ወረቀት ያልመለሱትና የተሳሳቱት ይቅደሙ፣ ሌሎቹ በየተራ ይደርሳቸው። ካርዱ ግን ከመምህሩ ኪስ አይውጣ። መምህርቷ በራሷ ገንዘብ ስትደውል የከረመችው ማንም አስቀድሞ ስላላሰበበት ነው። ይህ ወጪ ትምህርት ቤቱ በጀት ሲይዝ አብሮ ይያዝ። መስከረም ላይ ወላጅ ልጁን ሊያስመዘግብ ሲመጣ ደግሞ ቤት ውስጥ ስንት ስልክ እንዳለ፣ ማን ይዞት እንደሚውል፣ ራዲዮ መኖሩን፣ ማታ ከልጁ ጋር ቁጭ የሚል ሰው ማን እንደሆነ ይጠየቅና በመዝገቡ ላይ ይጻፍ።